ማይክል ፋራዳይና የብር ሰልፋይድ፦ ለሶዲየም ባትሪ ምርምር የቀረ ውርስ

የብረታ ብረት ሰልፋይዶች፣ ማለትም ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የሚመሠርቷቸው ውህዶች፣ ዳግም ለሚሞሉ የሶዲየም ባትሪዎች በኤሌክትሮድነት ከሚጠኑት ቁሶች መካከል ጉልህ ስፍራ ይዘዋል። ሶዲየም ከተራ ጨውና ከባሕር ውሃ በብዛት የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ሆኖም በሊትየም ባትሪዎች ውስጥ የሚያገለግለው ግራፋይት የሶዲየምን አዮን በቀላሉ አይቀበልም። ሰልፋይዶች ግን ይቀበሉታል፤ አንዳንዶቹ በድርብርብ ንጣፎቻቸው መካከል ያስገቡታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከእርሱ ጋር ተዋህደው ወደ ሶዲየም ሰልፋይድና ወደ ንጹሕ ብረታ ብረት ይለወጣሉ።

በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ተመራማሪ በየዕለቱ አራት ነገሮችን ያደርጋል። ኤሌክትሮድ፣ አኖድ፣ ካቶድ፣ አዮንና ኤሌክትሮላይት የሚሉትን ቃላት ይጽፋል፤ የአንድን ቁስ የክምችት አቅም ከሞላር ክብደቱ ተነሥቶ ያሰላል፤ ወደ ባትሪው የገባውንና ከባትሪው የወጣውን የኤሌክትሪክ መጠን ያወዳድራል፤ የጠጣር ሰልፋይድን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ጠባይ በልዩ ልዩ የሙቀት ደረጃ ይለካል። የአራቱም ተግባራት ሥር በ1833 እና በ1834 በለንደን ከተማ፣ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ምድር ቤት በሚገኝ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተከናወነ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራውን ያከናወነው ማይክል ፋራዳይ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ ያደገ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ከዚህ አቅጣጫ ይመለከታል። ለዛሬው የባትሪ ተመራማሪ ከፋራዳይ ግኝቶች ባላነሰ የሚጠቅመው፣ የለካውን ነገር ከገመተው ነገር ለይቶ የማስቀመጥ ልማዱ መሆኑንም ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተዳደግና የመጀመሪያው ባትሪ

ፋራዳይ መስከረም 22 ቀን 1791 ከለንደን በስተ ደቡብ በሚገኘው ኒውዊንግተን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ ወደ ዋና ከተማዋ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ጤናው የታወከ በመሆኑ ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። ልጁ በትምህርት ቤት ያገኘው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት የሂሳብ ስሌት ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሳንዴማንያን የሚባለው አነስተኛ የክርስቲያን ማኅበር አባል ነበር፤ ፋራዳይም እስከ ዕለተ ሞቱ ከዚህ ማኅበር አልተለየም።

በ13 ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ በተባለ የመጻሕፍት ነጋዴና ጠራዥ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ፤ በማግሥቱ ዓመትም ለሰባት ዓመት የጥረዛ ተለማማጅ ሆነ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ማንበብ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ የነበረው ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ክፍል፣ እንዲሁም ጄን ማርሴት በጭውውት መልክ ያዘጋጀችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ አሳቡን ሳቡት። ከትንሽ ገቢው እየቆጠበ በመጽሐፉ ያነበባቸውን ሙከራዎች በራሱ እጅ ይደግም ነበር።

በ1812 የሱቁ ደንበኛ የሆነ ሰው በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጣቸውን አራት ትምህርቶች እንዲከታተል የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ዴቪ በ1807 የቀለጠ ኮስቲክ ሶዳን በኤሌክትሪክ ጅረት በመለያየት ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ያወጣ ኬሚስት ነው። ፋራዳይ የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ሥዕላዊ መግለጫዎችን ጨመረበት፤ በራሱ እጅም ጠርዞ መጽሐፍ አደረገው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ። ሰባት የመዳብ ሳንቲሞችን፣ ሰባት የዚንክ ክቦችንና በጨው ውሃ የራሱ ስድስት ወረቀቶችን ደራረበ። በዚህች ትንሽ ክምር የማግኒዥየም ሰልፌትን ሙሙት ለመለያየት መቻሉን ለወዳጁ ለቤንጃሚን አቦት በደብዳቤ ገለጸለት። በወረቀቶቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ የነበረው የቀለጠው ተራ ጨው በመሆኑ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ የሶዲየም አዮን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ አዮን የሚለው ስምም ጽንሰ ሐሳቡም ገና አልነበረም።

በዴቪ ጥላ ሥር

ፋራዳይ የጠረዘውን ማስታወሻ ለዴቪ ላከ። ዴቪ በሙከራ ላይ ሳለ በደረሰ ፍንዳታ ዓይኑ በመጎዳቱ ወጣቱን ለጥቂት ቀናት በጸሐፊነት አሠራው። ቀጥሎም የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ከሥራ ሲሰናበት ቦታው ለፋራዳይ ተሰጠው። መጋቢት 1 ቀን 1813 ሥራውን ጀመረ፤ ከሳምንታዊ ደመወዙ ሌላ በሕንጻው የላይኛው ወለል መኖሪያ ክፍል፣ የማገዶ ከሰልና ሻማ ይሰጠው ነበር።

ከዚያው ዓመት ጥቅምት እስከ 1815 ጸደይ ድረስ ዴቪንና ባለቤቱን ተከትሎ በአውሮፓ ተዘዋወረ። በጉዞው ላይ ከረዳትነቱ በተጨማሪ የአሽከርነትን ሥራ እንዲሠራ ይገደድ ስለነበር ክብሩ የተነካበት ጊዜ ነበር። ሆኖም በፓሪስ የታወቁ ሊቃውንትን አየ፤ በሚላኖም የባትሪ ፈጣሪ የሆነውን አሌሳንድሮ ቮልታን አገኘ። ለአንድ የጥረዛ ተለማማጅ ይህ ጉዞ በዩኒቨርሲቲ ምትክ የሚቆጠር ነበር።

በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንደሚሽከረከር አሳየና ጽሑፉን በፍጥነት አሳተመ። በዚህ ምክንያት ከባድ ሐሜት ደረሰበት፤ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ የነበረውን የዊልያም ዎላስተንን ስም ሳይጠቅስ የሌላውን ሐሳብ ወሰደ ተባለ። ፋራዳይ ያሳየው ውጤት ዎላስተን ከጠበቀው የተለየ ነበር፤ የሐሜቱ ጠባሳ ግን ለዓመታት አልጠፋም። በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲመረጥ የሶሳይቲው ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ ራሱ ምርጫውን ተቃወመ። መምህሩ በተቃወመው ጊዜ እንኳ ፋራዳይ በዴቪ ሳይንሳዊ ሥራ ላይ የነበረውን አክብሮት አልለወጠም።

በ1825 የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ዛሬ ቤንዚን ተብሎ የሚታወቀውን የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህድ ለየ። ነሐሴ 29 ቀን 1831 የተለዋወጠ የማግኔት ኃይል በሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚፈጥር አረጋገጠ። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው በዚህ ግኝት ነው። ለባትሪ ምርምር ወሳኝ የሆኑት ግን ከዚያ የተከተሉት ሦስት ዓመታት ናቸው።

የበረዶው ሕግና የብር ሰልፋይድ

በ1833 መጀመሪያ ፋራዳይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተዋለ። የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚያስተላልፍ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ፣ ሽፋኑ ቀጭን ቢሆን እንኳ ጅረቱን ያግዳል። ምልከታውን ወደ ሌሎች ውህዶች አሰፋው። የእርሳስ ክሎራይድና ብዙ ሌሎች ጨዎች በጠጣርነታቸው ጅረት አያስተላልፉም፤ ሲቀልጡ ያስተላልፋሉ፤ በዚያው ጊዜም ወደ ክፍሎቻቸው ይለያያሉ። ስለዚህ በብዙ ቁሶች የተደገፈ አንድ አጠቃላይ ሕግ በእጁ ገባ።

በየካቲት ወር ሕጉን የሚያፈርስ ቁስ አገኘ፤ ይህም ብርና ድኝ የተዋሃዱበት የብር ሰልፋይድ ነው። አንድ ቁራጭ ሰልፋይድ በሁለት የፕላቲነም ገጾች መካከል አድርጎ ሃያ ጥንድ ሰሌዳዎች ካሉት ባትሪና ከጋልቫኖሜትር ጋር አገናኘው። መጀመሪያ መርፌው በጥቂቱ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ፕላቲነሙንና ሰልፋይዱን በጣቶቹ ጨብጦ ሲይዛቸው፣ በገላው ሙቀት ምክንያት ጅረቱ ከፍ አለ። ከሥሩ መብራት ሲያደርግበት ጅረቱ በፍጥነት ጨመረ፤ በመጨረሻም መርፌው በድንገት ዘሎ በአንድ ቦታ ቆመ፤ ሰልፋይዱም ሳይቀልጥ እንደ ብረታ ብረት ማስተላለፍ ጀመረ። መብራቱን ሲያነሣ ሂደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ነገሩ በሁለት ወገን እንግዳ ነበር። አንደኛ፣ ጠጣር ሆኖ ማስተላለፉ አዲሱን ሕግ ይቃረናል። ሁለተኛ፣ ዴቪ በ1821 እንዳሳየው ብረታ ብረት ሲሞቁ የማስተላለፍ አቅማቸው ይቀንሳል፤ የብር ሰልፋይድ ግን ሲሞቅ ይጨምራል። ፋራዳይ ይህን ልዩ ሁኔታ ከሕጉ ጋር በአንድ ጽሑፍ አሳተመው። ሕጉን ለማዳን ሲል ምልከታውን አልሸሸገም፤ ምልከታውን ለማስረዳት ሲልም ማስረጃ የሌለው ምክንያት አልፈጠረም። የሚመስሉትን ቁሶች መፈለጉን ቀጠለ፤ በ1838ም የእርሳስ ፍሎራይድ በጠጣርነቱ ሲሞቅ ጅረት እንደሚያስተላልፍ ዘገበ።

መልሱ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ቀስ በቀስ ተገኘ። የብር ሰልፋይድ ወደ 177 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የክሪስታል አሠራሩ ይለወጣል፤ የድኙ አዮኖች ስፍራቸውን ጠብቀው ሲቆሙ የብሩ አዮኖች በመካከላቸው እንደ ፈሳሽ ይዘዋወራሉ። በተጨማሪም ኤሌክትሮኖች ይጓዙበታል። በዛሬው አነጋገር ቁሱ የአዮንና የኤሌክትሮን ቅይጥ አስተላላፊ ነው። በሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ መጨመሩ የከፊል አስተላላፊዎች ታሪክ መነሻ ተደርጎ ሲቆጠር፣ የእርሳስ ፍሎራይዱ ደግሞ የጠጣር ኤሌክትሮላይቶች ታሪክ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ሁለቱም መስመሮች ወደ ሶዲየም ባትሪ ያደርሳሉ። በ1960ዎቹ በፎርድ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የሶዲየም አዮን የሚመላለስበት ቤታ አሉሚና የተባለ ጠጣር ኤሌክትሮላይት ጥቅም ላይ ውሎ፣ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በላይ የሚሠራው የሶዲየምና የድኝ ባትሪ ተወለደ። በ1970ዎቹ የቲታንየም ዳይሰልፋይድ አዮኖችን በንጣፎቹ መካከል እየተቀበለ መልሶ የሚለቅ ኤሌክትሮድ መሆኑ ታየ። ጥሩ የሰልፋይድ ኤሌክትሮድ አዮኑንም ኤሌክትሮኑንም ማስተላለፍ አለበት፤ በ1833 በፋራዳይ ጣቶች መካከል የነበረው ቁራጭ ይህን ጠባይ ይዞ ነበር።

ስሞቹ

ለዚህ ሁሉ አዲስ ቃላት አስፈለጉ። ባትሪው ከሙሙቱ ጋር የሚገናኝባቸው ጫፎች እስከዚያ ድረስ ዋልታዎች ይባሉ ነበር፤ ስሙም ጫፎቹ እንደ ማግኔት የውህዱን ክፍሎች ከሩቅ ይስባሉ የሚል አሳብ አዝሏል። ፋራዳይ ሙከራዎቹ ይህን አልደገፉለትም። ለእርሱ ጫፎቹ ጅረቱ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው በሮች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ የማያስቀድሙ ስሞችን ፈለገ። ሐኪሙ የነበረው ዊትሎክ ኒኮል ኤሌክትሮድና ኤሌክትሮላይት በሚሉት ቃላት ረዳው፤ የካምብሪጁ ሊቅ ዊልያም ሂዌል ደግሞ በ1834 አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚሉትን አቀረበለት። ቃላቱ ከግሪክኛ የተወሰዱ ናቸው፤ አኖድ ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ፣ ካቶድ ወደ ታች የሚወስድ መንገድ፣ አዮንም ሂያጅ እንደ ማለት ነው።

በፋራዳይ አሰያየም አኖድና ካቶድ የሚለዩት በጅረቱ አቅጣጫ ነው፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ስማቸውም ይለዋወጣል። ዳግም በሚሞላ ባትሪ ውስጥ ይህ በየዙሩ ይከሰታል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ ያለውን ስም ለሁለቱም ሂደቶች መጠቀማቸው ለሥራ ምቾት የተደረገ ስምምነት ነው። ጀማሪ ተማሪዎችን የሚያደናግረው ብዙውን ጊዜ ይኸው ልዩነት ነው።

ቁጥሩ

በዚያው ጊዜ ፋራዳይ ሁለቱን የኤሌክትሮሊሲስ ሕጎች አጸና። አንደኛው፣ በኤሌክትሮድ ላይ የሚወጣው የንጥረ ነገር መጠን ካለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ እኩል የኤሌክትሪክ መጠን ሲያልፍ የሚወጡት የልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች መጠኖች ከኬሚካዊ አቻ ክብደታቸው ጋር ይመጣጠናሉ ይላል። የቀለጠ የቆርቆሮ ክሎራይድ ውስጥ የፕላቲነም ሽቦ አስገብቶ በላዩ የተጠራቀመውን ቆርቆሮ መመዘኑ ከሙከራዎቹ አንዱ ነው።

የኤሌክትሪኩን መጠን ይለካ የነበረው ውሃ ሲለያይ የሚወጣውን ጋዝ በመስፈር ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ አንድ ችግር ገጠመው፤ የተጠራቀመው ጋዝ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ይቀንስ ነበር። ቁጥሩን በግምት አላረመም። የጋዙን መቀነስ ራሱን የቻለ የምርምር ርዕስ አድርጎ ሲመረምር፣ ንጹሕ የፕላቲነም ገጽ ኦክስጅንንና ሃይድሮጅንን መልሶ እንደሚያዋህድ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን አስተካከለ። በጅረቱ በቀጥታ የሚወጣውን ውጤትና ከዚያ በኋላ በተጓዳኝ ኬሚካዊ ለውጥ የሚመጣውን ውጤት ለይቶ መመዝገብንም የሥራው ደንብ አደረገ።

የሰልፋይድ ኤሌክትሮድ ተመራማሪ የሚያሰላው የክምችት አቅም በቀጥታ ከእነዚህ ሕጎች ይወጣል። አንድ ሞል ኤሌክትሮን 96,485 ኩሎምብ ይሸከማል፤ ይህም ቁጥር በፋራዳይ ስም ይጠራል። የብረትና የድኝ ውህድ የሆነው ፓይራይት በሞል 120 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እያንዳንዱ ሞል አራት ሞል ሶዲየም ከተቀበለ አቅሙ በግራም 894 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይሆናል። በተመሳሳይ ስሌት የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ 670 ገደማ፣ ንጹሕ ሶዲየም ደግሞ 1,166 ገደማ ይደርሳል።

የፋራዳይ ደንብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የሰልፋይድ ኤሌክትሮድ በመጀመሪያው ዙር ከተቀበለው ኤሌክትሪክ ያነሰ ይመልሳል፤ ከኤሌክትሮላይቱ ከፊሉ ተለያይቶ በገጹ ላይ ሽፋን ይሆናል፣ ከፖሊሰልፋይዶቹም የሚቀልጥ አለ። ፓይራይት ሙሉ በሙሉ ወደ ሶዲየም ሰልፋይድና ወደ ብረት ሲለወጥ ይዘቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚያድግ፣ ኤሌክትሮዱ ሊሰነጠቅና አዲስ ገጽ ሊያጋልጥ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተለካው አቅም ከስሌቱ ይበልጣል። ይህ ሲሆን የካርቦን ጭማሪው፣ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ተሸካሚውና የኤሌክትሮላይቱ ድርሻ ተለይተው ሳይለኩ ትርፉን ለሰልፋይዱ መስጠት፣ የጋዙን መቀነስ ሳይመረምሩ የማለፍ ያህል ነው።

የሐሳቡ ወሰን

ፋራዳይ በሁሉም ነገር ትክክል አልነበረም። አዮኖች በሙሙቱ ውስጥ ቀድመው መኖራቸውን አላወቀም፤ የሚፈጥራቸው ጅረቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህን አስተሳሰብ በ1880ዎቹ ያረመው ስቫንቴ አሬንየስ ነው። ስለ አቶሞች መናገር ቀላል ቢሆንም ጠባያቸውን በግልጽ መረዳት ከባድ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ከገዛ ሕጎቹ ሊወጣ የሚችለውን ትልቅ መደምደሚያ አላወጣም። በ1881 ሄርማን ሄልምሆልትዝ በለንደን ባደረገው ንግግር፣ አቶሞች ካሉ ኤሌክትሪክም በተወሰኑ ክፍልፋዮች መኖር እንዳለበት ከፋራዳይ ሕጎች አሳየ። ሕጎቹ ግን በእነዚህ እርማቶች ምክንያት አልተነኩም፤ የተመሠረቱት በተመዘነውና በተሰፈረው ነገር ላይ ነበርና።

የመጨረሻ ዓመታት

ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፋራዳይ ጤና ተናጋ። ራሱን ያዞረው፣ የማስታወስ ችሎታውም ይከዳው ስለነበር ለተወሰኑ ዓመታት ከምርምር ራቀ። በዚህ ጊዜ የሥራ መዝገቡ ታላቅ ደጋፊ ሆነው። ከ1832 ጀምሮ ሙከራዎቹን በተከታታይ ቁጥር እየመዘገበ፣ አንቀጾቹ ከ16,000 በላይ ደርሰዋል። ያልተሳካውንም ሙከራ እንደ ተሳካው ሁሉ ይመዘግብ ነበር። በ1845 ተመልሶ ማግኔት በብርሃን ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ማግኘቱ ኃይሉ ገና እንዳልተሟጠጠ አሳየ።

የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲጠየቅ አልተቀበለም፤ የባላባት ማዕረግንም አልፈለገም። ከ1858 ጀምሮ ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት በሰጠችው ቤት ኖረ። ነሐሴ 25 ቀን 1867 በዚያው ቤት፣ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ፤ በለንደን ሃይጌት መካነ መቃብርም ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ።

ማጠቃለያ

ፋራዳይ ሶዲየም በሰልፋይድ ውስጥ የሚከማችበትን ባትሪ አላሰበም፤ የሚያስፈልጉት ነገሮች በዘመኑ አልነበሩም። ለዘርፉ የተወው ስሞቹን፣ ቁጥሩንና ሳይፈታው የዘገበውን የብር ሰልፋይድ ምልከታ ነው። ከሦስቱ መካከል ብዙ ትዕግሥት የጠየቀው የመጨረሻው ነው፤ አዲስ ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉን የሚቃረነውን ቁስ በዚያው ጽሑፍ ማሳተም ነበረበትና። ይህን ባያደርግ ኖሮ፣ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የሚጀምሩበት መዝገብ ባልኖራቸው ነበር። የዛሬው የሰልፋይድ ኤሌክትሮድ ጥናትም ከስሌቱ ያፈነገጠ ቁጥር ባጋጠመው ቁጥር ተመሳሳይ ምርጫ ይቀርብለታል፤ ቁጥሩን ከነሁኔታው መዝግቦ ምንጩን መፈለግ፣ ወይም ለሚፈለገው መደምደሚያ እንዲስማማ አድርጎ ማለፍ።